ሙስሊሟ ሴት በብዙኃን መገናኛ፦ የበዓል ቀን ሥዕል ወይስ የሥራ ቀን ሰው?

ጋዜጣ፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን የኅብረተሰቡ መስተዋት ናቸው ማለት የተለመደ ነው። መስተዋት ግን ወደ ዞረበት አቅጣጫ ያለውን ብቻ ያሳያል፤ የሚያዞረውም የሰው እጅ ነው። ስለሆነም አንድ የኅብረተሰብ ክፍል በብዙኃን መገናኛ እንዴት ተሥሏል ብሎ መጠየቅ፣ መስተዋቱ በማን እጅ እንዳለ፣ መቼ ወደዚያ ወገን እንደሚዞርና መቼ ፊቱን እንደሚመልስ መጠየቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጉዳይ ሙስሊም ሴቶች በብዙኃን መገናኛ የሚቀርቡበትን ሁኔታ ነው። መነሻችንም ጎንደር ከተማና የሰሜን ጎንደር ደጋ አገር ይሆናል።

አስቀድመን አቋማችንን ግልጽ እናድርግ። ሙስሊሟን ሴት በይፋ የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ በአገራችን ዋና ዋና ጋዜጦች ላይ በቀላሉ አይገኝም። የችግሩ ሥር ያለው በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ሙስሊሟ ሴት የምትታየው በሁለት ቀኖች ነው፤ በበዓል ቀንና በመከራ ቀን። በዒድ አል ፈጥርና በዓረፋ አምራና ደምቃ ልጇን አቅፋ ወደ ስግደቱ ሜዳ ስታልፍ ትታያለች፤ ግጭት፣ ስደት ወይም ረኀብ ሲደርስ ደግሞ ፊቷን በሻሽዋ ሸፍና ስታለቅስ ትታያለች። በሁለቱ መካከል ያሉት ቀኖች፣ ማለትም የምትሠራባቸው፣ የምትሸጥባቸው፣ የምታስተምርባቸው፣ ስለ ውኃና ስለ ጤፍ ዋጋ የምትከራከርባቸው ቀኖች ከሥዕሉ ውጭ ናቸው። ሠርቶ አደር ሰው ግን የሚታወቀው በሥራው ነው። የሥራ ቀኑን የነጠቁት ሰው ግማሽ ሰው ሆኖ ይቀራል።

የሥዕሉ ታሪካዊ መሠረት

ማንኛውም ኅብረተሰባዊ አመለካከት በአየር ላይ አይበቅልም፤ የራሱ ቁሳዊና ታሪካዊ መሠረት አለው። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ፣ ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 በሰበሰቡት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። አዲስ ዓለም በሚል ስም የሚታወቀው የከተማዋ የሙስሊሞች ሠፈር ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር በደረሰ ጊዜ የሙስሊሞቹ ሠፈር ወደ 3,000 ቤት እንደሚሆን ጽፏል። ይህም ሠፈሩ የመናገሻይቱ ከተማ አንድ ትልቅ አካል እንደነበረ ያስረዳል።

ልዩነቱ በሠፈር ብቻ አልተወሰነም። በፊውዳሉ ሥርዓት በደጋው አገር ሙስሊሙ በአብዛኛው የርስት ባለቤት እንዳይሆን ታግዶ ስለነበር፣ ኑሮውን በንግድና በእጅ ሙያ፣ በተለይም በሽመና ላይ መሠረተ። ነጋዴው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚወስደውን መንገድ ተከተለ፤ ሸማኔውም በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ የመኳንንቱንም የገበሬውንም ሸማ ሠራ። ከነጋዴውና ከሸማኔው ጀርባ ሴቲቱ ነበረች። ጥጡን ፈልፍላና አባዝታ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላ፣ ልቃቂቱን የምታዘጋጅ እርሷ ነበረች። ባልዋ ከቅፍለቱ ጋር ለወራት ሲወጣ ቤቱን፣ ልጆቹንና ዕዳውን የምትይዝም እርሷው ነበረች።

ገዥው መደብ ግን የለበሰውን ሸማ እየወደደ የሠራውን እጅ ይንቅ ነበር። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲሰድብ ስድቡ ከሸማኔው አልፎ ፈታይቱን ይነካ ነበር። በዚህ ሁኔታ የጎንደር ሙስሊም ሴት በሦስት ወገን ተጨቆነች፤ በእምነቷ፣ በሙያዋና በሴትነቷ። ዛሬ በብዙኃን መገናኛ የምናየው ሥዕል የዚህ የረጅም ዘመን መለያየት ቅሬታ ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በርስት ላይ የቆመውን ልዩነት በሕግ አፈረሰ፤ በአእምሮ ውስጥ የተሠራውን ግንብ ግን አዋጅ ብቻውን አያፈርሰውም።

የታሪክ መጻሕፍትም ከዚህ ዝንባሌ ነፃ አይደሉም። ኢማም አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1543 ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ በወደቁ ጊዜ፣ ከጦሩ ቀሪ ጋር ወደ ሐረር ተመልሳ ትግሉ እንዲቀጥል የጣረችው ባቲ ድል ወንበራ ዘወትር የምትጠቀሰው የኢማሙ ሚስት ተብላ ነው። ከወሎ የኢማም ቤት ተወልደው ኋላ ክርስትናን የተቀበሉትና በጎንደር የእቴጌነት ማዕረግ የያዙት መነን ሊበን አመዴም የራስ ዓሊ እናት በሚል ስም ይታወቃሉ። ሁለቱም የየራሳቸው ፖለቲካ የነበራቸው ሴቶች ናቸው። የተጻፈላቸው ግን እንደ ዘመድ ነው።

እጇ በሥዕሉ ውስጥ፣ ፊቷ ከሥዕሉ ውጭ

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። የአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ደጋግሞ ካቀረባቸው ሥዕሎች አንዱ ባለጥበብ ቀሚስ የለበሰች ሴት ሣር ጎዝጉዛ፣ ረከቦት ዘርግታ፣ ቡና ስትቆላ ነው። ይህ ሥዕል በማስታወቂያ፣ በቱሪዝም ጥሪና በበዓል ዝግጅት ሁሉ ይገኛል።

ሥዕሉን ነጣጥለን እንመርምረው። ቡና በደጋው ክርስቲያን ዘንድ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም የሙስሊም መጠጥ ተብሎ የሚራቅ ነበር። ያን ጊዜ በጎንደር ቡና ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ የምታቀርበው በዋናነት ሙስሊሟ ሴት ነበረች። የጥበቡን ቀሚስ ብንወስድም በጎንደር ሽመና ለብዙ ትውልድ በአብዛኛው በሙስሊም ቤተሰቦች እጅ የኖረ ሙያ ነው። እንግዲህ በሥዕሉ ውስጥ መጠጡም ልብሱም የሙስሊሟ ሴት አሻራ አለባቸው፤ እርሷ ራሷ ግን በሥዕሉ ውስጥ የለችም። የጉልበቷ ውጤት «ብሔራዊ» ተብሎ ሲመሰገን ባለቤቷ «የአንድ ሃይማኖት ተከታይ» ተብላ ወደ በዓል ገጽ ትላካለች። ሠራተኛው ምርቱን ተነጥቆ የምርቱ እንግዳ የሚሆንበት ሁኔታ በፋብሪካ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በሥዕልም ይታያል።

የሠፈሩ ሰው ይህን ሁሉ ያውቀዋል። በጎንደር ሠርግ ሲደገስ ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ ያሳርዳል፤ ወጡንም ሙስሊም ጎረቤቶች በለየ ድስት ይሠሩታል። በዚያ ድስት ዙሪያ የተቀመጡት ሴቶች ለአካባቢው ሰው እትዬ እገሊት፣ የእገሌ እናት፣ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው። ጎረቤት የሌለው፣ በሩቅ ከተማ በቴሌቪዥን ብቻ የሚያያቸው ሰው ግን የሚያውቀው ሻሻቸውን ነው።

ሥዕሉ ከባሕር ማዶ ሲመጣ

ይህ ጉዳይ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የቅኝ ገዥዎች ሥርዓት የሙስሊሟን ሴት ሥዕል ለራሱ ጥቅም ሲሠራ ኖሯል። የአልጄሪያው ጸሐፊ ማሌክ አሉላ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው መጽሐፍ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳዮች ስለ አልጄሪያ ሴቶች ያሰራጯቸውን የፖስታ ካርዶች መርምሯል። በእነዚያ ካርዶች ላይ «የሐረም ሴቶች» ተብለው የቀረቡት በአብዛኛው በፎቶግራፍ ቤት ውስጥ በክፍያ ተቀምጠው የተነሡ ሴቶች ነበሩ። ፎቶግራፍ አንሺው ሊገባበት ያልቻለውን ቤት በገንዘብ ሠራው፤ የሠራውንም እውነት ብሎ ሸጠው።

ከዚያም አልፎ በግንቦት ወር እ.ኤ.አ. በ1958 በአልጀርስ አደባባይ፣ የነፃነቱ ጦርነት በተፋፋመበት ሰዓት፣ የአልጄሪያ ሴቶች በሕዝብ ፊት መሸፈኛቸውን የሚያወልቁበት ሥነ ሥርዓት ተዘጋጀ። ፈረንሳይ ነፃ አውጪ መሆኗን ለዓለም ጋዜጦች ለማሳየት የታሰበ ነበር። ልብ ልንል የሚገባው፣ ከዓመት በፊት እ.ኤ.አ. በ1957 ያው ሥርዓት ጀሚላ ቡሂረድን የመሰለች የነፃነት ታጋይ የሞት ፍርድ ፈርዶባት እንደነበረ ነው። ቅጣቱ የቀረላት ከብዙ አገሮች ተቃውሞ በመነሣቱ ነበር። ሴቲቱ ዝም ብላ ስትገለጥ ተጨበጨበላት፤ ስትታገል ግን ገመድ ተዘጋጀላት።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 17 ቀን 2001 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሚስት ላውራ ቡሽ በራዲዮ ቀርበው የአፍጋኒስታንን ጦርነት ከአፍጋን ሴቶች መብት ጋር አያይዘው ተናገሩ። የአፍጋን ሴቶች በታሊባን እጅ የደረሰባቸው ግፍ እውነት ነበር። ጥያቄው ሌላ ነው፤ በቦምብ የምትድን ሴት ስለ ቦምቡ ተጠይቃለች ወይ? ኤድዋርድ ሰዒድ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የምዕራቡ ዓለም የዜና ድርጅቶች ሙስሊሙን ዓለም እንዴት እንደሚያቀርቡ ሲያጠና ያስተማረን ይህንኑ ጥያቄ ማንሣትን ነው።

በቅርቡ ደግሞ ነገሩ በአንዲት የአገራችን ተወላጅ ላይ ታይቷል። በአዳማ የተወለደችውና በልጅነቷ ተሰዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን፣ በ2016 ዓ.ም. በፓሪሱ ኦሎምፒክ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘች በኋላ፣ ነሐሴ 5 ቀን በማራቶን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ ወሰደች። የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ በሦስት ሰከንድ ብቻ ተቀድማ ብር አገኘች። ሲፋን ሜዳሊያዋን የተቀበለችው ሂጃብ ለብሳ ነበር፤ ውድድሩን ያስተናገደችው ፈረንሳይ ደግሞ የራሷን ስፖርተኞች ሂጃብ ከልክላ ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች የተጻፈውና የተከራከሩበት ስለ ሂጃቡ ነው። በአንድ ኦሎምፒክ ከ57 ኪሎ ሜትር በላይ ለሜዳሊያ የሮጠችው እግር በአንድ ሜትር ጨርቅ ተሸፈነ። ያመሰገናትም የነቀፋትም ወገን ድካሟን ትቶ ልብሷን መያዙ አንድ አደረጋቸው።

በአገራችን ያለው ተጨባጭ ሁኔታ

በአገራችን ሕገ መንግሥታዊው መሠረት ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 25 የሰዎችን እኩልነት፣ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን፣ በአንቀጽ 35 የሴቶችን መብት ደንግጓል። በሕግና በሥዕል መካከል ያለው ርቀት ግን አልጠበበም።

ለአብነት ያህል ኅዳር 2006 ዓ.ም.ን እናስታውስ። ሳዑዲ ዓረቢያ የውጭ አገር ሠራተኞችን ስታባርር ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሱ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በሰው ቤት ተቀጥረው የሠሩ ሴቶች ነበሩ። በቴሌቪዥን የታዩት ከአውሮፕላን ሲወርዱ፣ ጥቁር ዓባያ ለብሰው፣ ሻንጣቸውን ሲጎትቱ ነው። እነርሱ ግን ሠራተኞች ነበሩ፤ ሙያ፣ የሥራ ሰዓትና ያልተከፈለ ደመወዝ ነበራቸው። ወደ ቤተሰባቸው የላኩት ገንዘብ በደጋው መንደር ቆርቆሮ ሆኖ ቤት ከድኗል፣ ልጅ አስተምሯል። እንደ ሠራተኛ ያልተጠየቁትን እንደ ተጎጂ ብቻ ማቅረብ አዛኝ መስሎ ጉልበታቸውን መካድ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች እንዳይገቡ በመከልከላቸው የተነሣው ውዝግብም ሌላው ምሳሌ ነው። ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። ተቋማት ተከራከሩ፣ መግለጫ በመግለጫ ላይ ተደራረበ። ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም መምህርት ለመሆን ያሰቡት ልጃገረዶች ስለ ትምህርታቸው የሚናገሩበት ቦታ ግን በመግለጫዎቹ መካከል ጠባብ ነበር። አባቶቻችን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ይሉ ነበር። ይህ ፊውዳላዊ ብሂል ዛሬ ማይክሮፎን ይዞ በክርክር መድረክ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ረገድ የሂጃቡ ደጋፊም ተቃዋሚም ወንዶች ስለ ሴቲቱ በሌለችበት ሲከራከሩ ልዩነታቸው የአፍ ብቻ ይሆናል።

ተስፋ ሰጪ ምልክት የለም ማለታችን አይደለም። ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዋ የሰላም ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ፣ ሂጃብ የለበሰች ሴት ስብሰባ ስትመራ ሕዝቡ በየምሽቱ በዜና አየ። ከጊዜ በኋላ ተመልካቹ የሚያዳምጠው የምትለውን ሆነ፤ ልብሱ የዕለት ተዕለት ነገር ሆነ። መፍትሔው ይኸው ነው፤ ሥራዋን ደጋግሞ ማሳየት። ይሁን እንጂ ከአንዲት ሚኒስትር ይልቅ የሺህ ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ ነጋዴዎችና ገበሬዎች ሥዕል ሚዛን ይደፋል።

ጭቆናን መሸፈንም ሥዕል ማበላሸት ነው

አንዳንድ ወገኖች «ስለ ሙስሊሟ ሴት በጎ በጎውን ብቻ ጻፉ» ይላሉ። ይህንንም አንቀበልም። ሙስሊሟ ሴት እንደ ማንኛዋም የአገራችን ሴት ጭቆና አለባት፤ ጭቆናውን መሸሸግ ጨቋኙን መጥቀም ነው። ነገር ግን የጭቆናው ምንጭ በትክክል መነገር አለበት። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በጎንደር ደጋ በሁለቱም እምነት ተከታዮች ዘንድ የኖረ ነው። ሴት ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ለማገዶና ለውኃ የሚልከው ድህነትና የወንድ የበላይነት ሲሆን፣ እርሱም የሃይማኖት ልዩነት አያውቅም። በደባርቅም ሆነ በዳባት ገደላማ መንገድ እንስራ ያዘለችውን ልጅ ጀርባ የሚያጎብጠው የእንስራው ክብደት ነው። ጋዜጠኛው ይህን ትቶ ምክንያቱን በሻሽ ላይ ሲፈልግ፣ ለሁለቱም ልጆች የሚሆነውን የውኃ ቧንቧ ጥያቄ ያስረሳል።

በጉዳዩ ላይ ያለው ከባድ ኃላፊነት

ስምና ሥዕል የዜግነት ጥያቄ መሆናቸውን የአገራችን ታሪክ መስክሯል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ ሳለ የአገሪቱ ሙስሊሞች «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ይባሉ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ፣ ክርስቲያን ደጋፊዎች ጭምር፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰልፍ ወጣ። ካነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ የሚል ነበር። በማግሥቱ ዓመት የእስልምና በዓላት የአገሪቱ በዓላት ሆነው ታወቁ። «የሚኖሩ» የሚለው ቃል እንግዳ ያደርጋል፤ «ኢትዮጵያውያን» የሚለው ባለቤት ያደርጋል። ሙስሊሟን ሴት በበዓል ቀን ብቻ የሚያሳይ ሥዕል ያንኑ የቀድሞውን ቃል ያለ ድምፅ ይደግመዋል።

እንግዳ ተደርጎ የተሣለ ጎረቤት ደግሞ በክፉ ቀን በቀላሉ ጠላት ይደረጋል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በቀብር ላይ በነበሩ ሙስሊሞች ላይ በደረሰው ጥቃትና በተከተለው ሁከት ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ መስጊድና ንብረት ተቃጠለ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ከወጣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር። ሕግ የጥላቻን አፍ ሊዘጋ ይችላል፤ ጥላቻ የሚዘራበትን ባዶ መሬት ግን ሊሞላ አይችልም። ያ ባዶ መሬት ስለ ጎረቤታችን የማናውቀው ነገር ነው። የጎረቤቷን ስም፣ ሥራና ችግር የሚያውቅ ሕዝብ ዘንድ አሉባልታ ሲደርስ «እርሷን አውቃታለሁ» የሚል ሰው ይገኛል። የብዙኃን መገናኛ ትልቁ ተግባር እንዲህ የሚሉ ሰዎችን ማብዛት ነው።

ከሠፈር ማኅበራትና ከሠራተኞች የሚጠበቀው

አንባቢና አድማጭ ተቀባይ ብቻ መሆን የለበትም፤ መርማሪ መሆን አለበት። ስለ ሙስሊም ሴት የቀረበ ማንኛውንም ጽሑፍ ወይም ሥዕል በሦስት ጥያቄዎች መመዘን ይቻላል። አንደኛ፣ ሴቲቱ ስም አላት ወይስ «አንዲት እናት» ብቻ ናት? ሁለተኛ፣ የተጠየቀችው ስለ ምንድን ነው፤ ስለ ሥራዋና ስለ ኑሮዋ ወይስ ስለ ልብሷ ብቻ? ሦስተኛ፣ የተናገረችው ራሷ ናት ወይስ ሌላ ሰው ስለ እርሷ ተናገረላት? ሦስቱን ያላለፈ ሥራ ቢያምርም ያልተሟላ ነው።

የሠፈር ማኅበራትና እድሮች የጋዜጣና የራዲዮ ጣቢያ ሰዎች ሲመጡ ሊቀመንበሩን ብቻ ለንግግር ማቅረባቸውን ያቁሙ፤ ስለ ውኃው የውኃ ቀጂዋ፣ ስለ ገበያው ቸርቻሪዋ፣ ስለ ክሊኒኩ ነርሷ ትናገር፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም ትሁን። የሠራተኛ ማኅበራትም የሙስሊም ሴት ሠራተኞችን የደመወዝና የወሊድ ፈቃድ ጥያቄ እንደ ሠራተኛ ጥያቄ ያቅርቡ። አዘጋጆችም የዒድን ገጽ ከማስፋት ይልቅ የማክሰኞን ገጽ ይክፈቱላት። በአዲስ ዓለም የምትፈትለው፣ በቅዳሜ ገበያ የምትሸጠው፣ በዳባት የምታስተምረው ሴት አስተያየቷ ከስሟ ጋር በተራ የሥራ ቀን ይታተም።